ሁለት ሙሽሮችና የሊማሊሞ መንገድ



ባለፈው ዕትም በዚሁ ዓምድ ስለ ሠርግ ወጪ አንስተን ነበር። በዚህ ወር ደግሞ ከሠርጉ በኋላ ስለሚመጣው ነገር፣ ማለትም ሁለት ወጣቶች ጎጆ በወጡ ማግሥት አብረው ስለሚያልሙት ሕልም እንነጋገራለን። መነሻ የሆነን እዚሁ ደባርቅ ላይ በቤታችን ያጋጠመን ነገር ነው።

አንድ ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ በራችን ተንኳኳ። የመጡት በሸዋል ወር ኒካሕ ያሰሩ፣ ሁለቱንም በመድረሳ ያስተማርናቸው ባልና ሚስት ናቸው። የደባርቅ ብርድ የታወቀ ነውና ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ገብተው ተቀመጡ። ሻይ ቀረበላቸው። ልጁ ከኪሱ አንድ ደብተር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ልጅቱ ደግሞ በመሐረብ የቋጠረችውን ፈትታ ከደብተሩ አጠገብ አስቀመጠች። አንድ የወርቅ ሐብልና ሁለት ቀለበት ነው። መህሯ ነበር።

«ኡስታዝ፣ ይህ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ? እርስዎ ይፍረዱን» አለች።

ደብተሩን ገለጥነው። በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል፤ ካርታም አለበት። ወርቁ ተሽጦ፣ ካጠራቀሙት ጋር ተደምሮ ሞተር ሳይክል ይገዛል። ከደባርቅ ተነሥተው በሊማሊሞ ይወርዳሉ። ዛሪማን፣ አዲ አርቃይን፣ ማይ ፀብሪን አልፈው፣ ተከዜን ተሻግረው ሽሬ ይገባሉ። ከዚያ አክሱም፣ ዓድዋ፣ አሥመራ፣ ምጽዋ። ከምጽዋ በመርከብ ጂዳ። ሐጅ አድርገው፣ መዲናን ዘይረው ሲያበቁም ጉዞው አያልቅም፤ ካይሮ፣ ቱኒስ፣ ፌዝ ይቀጥላል። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ዓለምን እስክናዳርስ» የሚል ተጽፎበታል።

«ማሻአላህ፣ ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ?» አልነው።

«እርስዎ ነዎታ፣ ኡስታዝ! የኢብን በጡጣን ታሪክ የነገሩን ጊዜ ነው በልቤ የገባው» ብሎ መለሰልን። በዚያ ላይ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ዓለምን ሲዞሩ የኖሩትን ስዊዘርላንዳውያን ባልና ሚስት፣ ኤሚልና ሊሊያና ሽሚድን በምሳሌነት ጠቀሰልን። ከ700,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተዋል። «እነሱ ከቻሉ እኛ ለምን አንችልም?» አለ።

ልጅቱ ዝም ብላ ወርቋን ታያለች። እኛም እውነቱን ለመናገር ደነገጥን። በክፍል ውስጥ ለማነቃቂያ ያህል የተናገርነው ታሪክ ዞሮ ዞሮ የአንዲት ሙሽራ መህር ሊያሸጥ መጥቶ ጠረጴዛችን ላይ ተቀመጠ። ስለዚህ «ዛሬ አንፈርድም፤ ለጁሙዓ ማታ ተመለሱ» ብለን ሸኘናቸው። እስከዚያ ያሰብነውንና ያልናቸውን ለናንተም እናካፍላችሁ።

የአባቶች መንገድ

በመጀመሪያ የልጁ ሕልም ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የቅድመ አያቱን ሐጅ ሲነገር ሰምቶ ነው ያደገው። ዛሬ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በመኪና የሚወርድ ሰው የሚያየው ገደሉንና ጭላዳ ዝንጀሮውን ነው። ያ ቁልቁለት ግን ለብዙ ዘመን የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነበር። ከጎንደር ተነሥቶ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ በሊማሊሞ ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ ምጽዋ የሚደርሰው መንገድ ይኸው ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲመጣ የወጣው በዚሁ ዳገት ነው።

በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተላለፈ ውሳኔ በጎንደር ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ሲደረግ ሠፈራቸው በኋላ አዲስ ዓለም የተባለው ሆነ። መሬት ያልነበረው ሰው እግሩን ወደ ንግድ አነሣ። ለንግድ የወጣው ምጽዋ ሲደርስ ደግሞ ከባሕሩ ማዶ የአላህ ቤት አለ። በዚህ ምክንያት የንግዱ መንገድ ለብዙዎች የሐጅም መንገድ ሆነላቸው። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ከ1936 እ.ኤ.አ. በኋላ ተራራውን አስቆፍሮ የመኪና መንገድ አወጣበት፤ ከዚያ ወዲህ በእግር የነበረው በጭነት መኪና ሆነ።

ከጎንደር ወደ ምዕራብ በመተማ በኩል ደግሞ ሌላ መንገድ ነበር። ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው በሱዳን በኩል ወደ መካ የሚጓዙት ተክሩሮች በመተማና በገላባት አካባቢ ይታወቃሉ። ከነሱ ውስጥ ለሐጅ ወጥቶ ጉዞው ዓመታት የወሰደበት፣ በየደረሰበት እያረሰና እየነገደ ስንቁን የቋጠረ፣ መንገድ ላይ አግብቶ የወለደ፣ በመጨረሻም እዚያው የቀረ ብዙ ነው። የነሱ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል። ረጅም ጉዞ የሽርሽር ጊዜ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ኑሮ ነው። ኤሚልና ሊሊያናም ቢሆኑ መኪናይቱን ቤታቸው ያደረጉት ሁለቱም ያንን ኑሮ መርጠው ነው። ልጃችን ግን ጉዞውን እንጂ ኑሮውን አላሰበበትም ነበር።

ታዲያ ያ የአባቶች መንገድ ዛሬ እንዴት ነው? በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የተነሣው ጦርነት ድንበሩን ዘጋው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በሩ ተከፍቶ ዘመድ ከዘመድ ተቃቅፎ ሲያለቅስ አይተናል፤ ዓመት ሳይሞላ ግን በሮቹ ተመልሰው ተዘጉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት መጣና ሊማሊሞ ራሱ የጦር ግንባር ሆነ፤ የዳባትና የደባርቅ ሰው ያየውን አይቷል። በሱዳን በኩል ያለውን መንገድ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ጎዳው። በጅቡቲ ኦቦክ በኩል ወደ የመን የሚሻገሩት ጀልባዎች ስንት የአገራችንን ወጣት ባሕር ውስጥ እንዳስቀሩ የማያውቅ ቤት የለም።

ፉቀሓዎቻችን ሐጅን ግዴታ ከሚያደርጉት የመቻል መስፈርቶች መካከል የመንገድን ደኅንነት የቆጠሩት በከንቱ አይደለም። ስንቅ ያለው ሰው መንገዱ ካላስተማመነ ገና አልቻለም። ከቤት የሚተዋቸው ሰዎች ቀለብ ካልተሟላ፣ ዕዳውም ካልተከፈለ እንዲሁ። ይህን ለልጁ ብንነግረው ሕልሙን መናቃችን አይደለም፤ ዲኑ ራሱ ለመንገደኛ ያዘነለትን ነው የነገርነው።

ያልነገርናቸው ግማሽ ታሪክ

ሁለተኛው ነገር የራሳችን ጥፋት ነው። ኢብን በጡጣን ስናስተምር በ1325 እ.ኤ.አ. በ21 ዓመቱ ከጠንጃ ተነሥቶ ለሐጅ መውጣቱን፣ ወደ ቤቱ የተመለሰው ከ24 ዓመት በኋላ መሆኑን፣ ሕንድና ቻይና መድረሱን፣ በእኛ በኩልም ዘይላዕን አይቶ ከሽታዋ የተነሣ ሌሊቱን መርከብ ላይ ማደሩን ተናግረናል። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰምተውናል። ስለ ሚስቶቹ ግን አንድም ቃል አልተናገርንም።

እሱ ራሱ ያስጻፈው እንዲህ ነው። ገና ከቱኒስ እንደወጣ በመንገድ ላይ የአንድ የቱኒስ ሰው ልጅ አገባ። ከአማቱ ጋር ተጣላና ፈታት። ወዲያው እዚያው መንገድ ላይ የሌላ መንገደኛ ልጅ አግብቶ ሲራራውን አንድ ቀን አስቁሞ ደገሰ። ደማስቆ ላይ ያገባትን ነፍሰ ጡር ሆና ትቷት ሄደ፤ ወንድ ልጅ መውለዷን የሰማው ሕንድ ሆኖ ነው። ማልዲቭ ደሴቶች ላይ ቃዲ ሆኖ ሳለ አራት አግብቶ ነበር፤ ሲነሣ ፈታቸው። በ1348 እ.ኤ.አ. ወደ ደማስቆ ሲመለስ ያን ልጁን ጠየቀ። ልጁ ከሞተ 12 ዓመት ሆኖታል ተባለ። የአባቱንም ሞት የሰማው እዚያው ነው። አገሩ ከመግባቱ በፊት ደግሞ እናቱ በወረርሽኙ መሞቷን ሰማ።

አንባብያን፣ ታላቁን ዓሊምና መንገደኛ ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምናነሣው። ዘመኑ ሌላ ነበር፤ ያየውን ስለጻፈልንም አላህ ይዘንለት። ነገር ግን ጉዞው 24 ዓመት ሲቆይ ትዳሩ አንዱም አልቆየም። ለሁለት ሙሽሮች ይህን ሰው ምሳሌ አድርጎ መስጠት ግማሹን ደብቆ መስጠት ነው። ጁሙዓ ማታ ሲመጡ መጀመሪያ የጠየቅናቸው ይቅርታ ይህን ነው። «ያስተማርንህ ትምህርት ግማሽ ነበር፤ ሌላውን ግማሽ ዛሬ ስማ» አልነው።

ሁለት ሂጅራ ያገኘች ሴት

ጉዞው የቆየ፣ ትዳሩም የቆየ ወጣት ባልና ሚስት ከፈለግን ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ታሪካቸው ከአገራችን ጋር የተያያዘ ነው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብና አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ከመካ ተሰደው ሐበሻ ሲገቡ ገና ወጣቶች ነበሩ። የወጡት ዓለምን ለማየት ሳይሆን ዲናቸውን ይዘው ነው። በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ ከወገን ርቀው 13 ዓመት ገደማ ኖሩ። ዐብደላህ፣ ሙሐመድና ዐውን የተባሉትን ልጆቻቸውን የወለዱት እዚሁ ሐበሻ ነው። በ628 እ.ኤ.አ.፣ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በመርከብ ሲመለሱ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) ያገኟቸው ኸይበር በተከፈተችበት ወቅት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ዑመር (ረ.ዐ.) አስማእን በሐፍሳ ቤት አግኝተዋት፣ እኛ በሂጅራ ቀድመናችኋል፣ ለረሱልም እኛ እንቀርባለን የሚል ነገር ተናገሯት። አስማእ ተቆጣች። እናንተ ከረሱል ጋር ነበራችሁ፣ የተራበውን ያበሉላችሁ ነበር፤ እኛ ግን በሩቅ አገር በሥጋትና በችግር ላይ ነበርን አለች። ለረሱል ሳልነግር እህል አልቀምስም ብላ ሄደች። እሳቸውም (ሰ.ዐ.ወ.) ለዑመርና ለባልደረቦቻቸው አንድ ሂጅራ ሲሆን ለእናንተ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ነው ብለው አስደሰቷት። ከመርከቡ የወረዱት ሰዎች ያን ቃል ከአፏ ለመስማት በየቡድኑ ወደ እርሷ ይመጡ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ይህች ሴት የባሏ ጓዝ ሆና አልተጓዘችም። ችግሩንም ሥጋቱንም እንደ ራሷ ነገር ቆጥራ ይዛዋለች፤ ሲነካባትም የምትከራከርለት የራሷ ጉዞ ስለሆነ ነው። ለምን እንደወጡ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ጃዕፈር ከተመለሱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆነ። የአንድነት ዘመናቸው አብዛኛው ያለፈው በስደት ነው ማለት ነው። መንገድ ብቻውን ትዳርን አያፈርስም፤ አንዱ ብቻ የሚያውቀው መንገድ ግን ያፈርሳል።

የጠፋው ሐብል

ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ሐብል ስናይ ሌላ ሐብል ትዝ አለን። ይህንንም ነገርናቸው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰሐቦች ጋር በዘመቻ ጉዞ ላይ ሳሉ የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሐብል ጠፋ። እሱን ለመፈለግ እሳቸው ቆሙ፤ ሕዝቡም ከሳቸው ጋር ቆመ። ቦታው ውሃ የለበትም፤ ሰዎቹም ውሃ አልያዙም። ሰዎች ለአቡበክር ሄደው ልጅህ ምን እንዳደረገች አታይም ወይ ብለው አማረሩ። አቡበክር መጥተው ልጃቸውን ተቆጧት፤ ጎኗንም ወጋ ወጋ አደረጓት። እሷ ግን የረሱል ራስ ጭኗ ላይ ስለነበር አልተንቀሳቀሰችም። ሲነጋ ውሃ በሌለበት በአፈር ማጽዳትን፣ ተየሙምን የሚፈቅደው አንቀጽ ወረደ። በመጨረሻም ግመሏን ሲያስነሷት ሐብሉ ከሥሯ ተገኘ።

ስንቶቻችን ነን ተየሙም ባደረግን ቁጥር ይህ ምሕረት የደረሰን ስለ አንዲት ሚስት ሐብል ጉዞ በቆመበት ሌሊት መሆኑን የምናስታውስ? ሠራዊት ያህል ነገር ቆመ። የሚቸኩልበት ጉዳይ የነበረው ሰው ቆመ። ዛሬ ግን ስንቱ ወጣት ባል ነው ሚስቱ «ትንሽ እንቁም» ስትለው ሕልሙን የነጠቀችው የሚመስለው?

ሌላም ሐዲስ አለ። አንድ ሰው ለዘመቻ ስሙ ተመዝግቦ ሳለ ሚስቱ ለሐጅ መውጣቷን ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ነገራቸው። ሂድና ከሚስትህ ጋር ሐጅ አድርግ አሉት። ከዘመቻ ተመልሶ የእሷን ጉዞ እንዲያጅብ ታዘዘ ማለት ነው። የጉዞው ሕልም ሁልጊዜ የባል ብቻ ነው ያለው ማነው?

የሙሽሪት መልስ

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ወደ ልጅቱ ዞርን። «እህቴ፣ ወርቁ ያንቺ ነው። አባትሽም፣ ባልሽም፣ እኛም አናዝዝበትም። መህር በአላህ ቃል የሴቲቱ ሀብት ነው፤ ወዳ ከሰጠች ብቻ ነው ለሌላ የሚፈቀደው። አፍራ ወይም ተጨንቃ የሰጠችው ወዳ የሰጠችው አይደለም። ጉዞውን ትጠይውማለሽ?»

ትንሽ ቆይታ መለሰች። «አልጠላውም፣ ኡስታዝ። ሐጅን ማን ይጠላል? ግን ደብተሩን ሳነበው የምንመለስበት ቀን የለበትም። እናቴም የለችበትም።»

እናቷን እናውቃቸዋለን። ግጭ ከሚባለው፣ ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከነበረው መንደር የመጡ ናቸው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ገብስ እያረሱ ሲኖሩ የነበሩት ከ400 በላይ አባወራዎች፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች፣ በ2008 ዓ.ም. ለፓርኩ ሲባል ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ፓርኩ በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበርና በ2017 እ.ኤ.አ. ከዚያ ወጣ። ለፓርኩ መልካም ሆነ። ለሰዎቹ ግን ማሳና ጎረቤት ጥሎ በከተማ ጥግ አዲስ ኑሮ መልመድ ነበር። እናትዮዋ ባላቸውን ያጡት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ያለቻቸው ይህችው ልጅ ናት።

«እኛ ጉዞ ሳንመኝ የተጓዝን ሰዎች ነን» አለች ልጅቱ። «እናቴ አንድ ጊዜ ቤቷን ለቃለች። እኔም ትቻት ብሄድ ሁለተኛ መነቀል ይሆንባታል።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆየና «ታዲያ ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?» አላት።

«አልጠየቅኸኝማ!»

ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ከውስጥ ሆና የምትሰማው ባለቤታችን ሻይ ልትጨምር ብቅ ብላ፣ «ይኸው ዛሬ ተጠያየቃችሁ አይደል? አልሐምዱሊላህ በሉ» አለቻቸውና ሁሉም ሳቀ።

እኛም ወርቁን በመሐረቡ መልሰን ቋጥረን ለባለቤቱ ሰጠን። ደብተሩን ግን አልቀደድነውም። ለልጁ መልሰን፣ «አንድ ነገር ብቻ እናዝሃለን። መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቀን ሁለታችሁ በእግራችሁ ሊማሊሞን ውረዱ። የመጀመሪያውን የአንድ ቀን ጉዞ ሳትሞክሩት የዓለምን አትጻፍ» አልነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጡ። ልጁ የሆነውን ሁሉ በግልጽ አጫወተን። ቆሎና በሶ ይዘው በጠዋት ወጡ። እሱ ያሰበው ዛሪማ ገብቶ ማደር ነበር። ቁልቁለቱን እያጋመሱ ሳለ የልጅቱ ጉልበት ታመመና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «መጀመሪያ ተናደድኩ» አለን። «ትንሽ ነው የቀረን ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ የሐብሉ ነገር ትዝ አለኝና እኔም ተቀመጥኩ።» ቆሏቸውን በሉ፣ ዙህርን ሰገዱ፣ የሚመለስ መኪና ሲያልፍ አስቁመው ደባርቅ ገቡ። «ያሰብነውን እኩሌታ እንኳ አልደረስንም» ብሎ ሲያፍር እሷ ሳቀችበት።

ደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ አለ። ሞተሩ ተሰርዟል። ወርቁ አልተሸጠም። በየወሩ ከሁለቱም ገቢ እየተቀነሰ የሚቀመጥ ገንዘብ ተጽፏል፤ ለሐጅ ነው፤ በአውሮፕላን፤ የመመለሻም ወር አለው። የተጓዦቹ ቁጥር ግን ሁለት አይደለም፣ ሦስት ነው። አማች ለሚስቱ እናት መሕረም ነውና እናትዮዋም አብረው ይሄዳሉ ተብሎ ታስቧል። ሦስት ሰው ሲጓዝ አንዱን አሚር ማድረግ ሱንና መሆኑን በመድረሳ ያስተማርናቸውን አንሥተን፣ «አሚራችሁ ማን ይሆን?» ብንላቸው ሁለቱም በአንድ አፍ «እማ!» አሉ።

ለወጣቶቻችን

ይህ ሕልም ይቆያል ወይ ብትሉን፣ የሚያውቀው አላህ ነው። ገንዘቡ ላይሞላ ይችላል፤ ልጅ ይመጣል፤ እናት ያረጃሉ። እኛ የምንለው ግን ሕልሙ ቢቀርም ባይቀርም ሁለቱ አብረው መቆም መልመዳቸውን አይተናል። የሚጓዝ ትዳር መጀመሪያ ይህን ይወቅ። ስለዚህ እንደ ልማዳችን ጥቂት ምክር እንስጥና እናብቃ።

አንደኛ፣ ሕልማችሁን ከኒካሕ በፊት ተነጋገሩበት። ሩቅ አገር መሄድ፣ ውጭ መሥራት፣ ከቤተሰብ ርቆ መኖር የሚያስብ ሰው ለምታገባው ወይም ለሚያገባት ሰው አስቀድሞ ይንገር። ከአላህ ያልተከለከለን ነገር በኒካሕ ላይ መስማማት ይቻላል፤ ቃልም ይከበራል።

ሁለተኛ፣ መህርን ለባል ሕልም መነሻ ካፒታል አታድርጉት። እህቶችም በይሉኝታ አትስጡ፤ ወንድሞችም በዝምታዋ አትውሰዱ።

ሦስተኛ፣ በዕቅዳችሁ ውስጥ ከኋላ የሚቀሩትን ሰዎች ጻፏቸው። ለዘመቻ ፈቃድ የጠየቀ ሰው እንኳ ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸው ተጠይቆ እነሱን እንዲያገለግል ተመልሷል።

አራተኛ፣ በትንሽ ጀምሩ። ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከደባርቅ እስከ ጎንደር አብሮ መሄድም ጉዞ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ከዓኢሻ ጋር ሩጫ ተሽቀዳድመዋል። መጀመሪያ እሷ ቀደመች፤ ከጊዜ በኋላ እሳቸው ቀድመው ያኛው በዚህኛው ተካካሰ አሏት። አብሮ ለመደሰት ባሕር መሻገር ግድ አይደለም።

አምስተኛ፣ የመመለሻ ቀን ይኑራችሁ። ጉዞ እንቅልፍንና ምግብን የሚነሣ የድካም ድርሻ ስለሆነ ጉዳዩን የጨረሰ ሰው ወደ ቤተሰቡ እንዲፈጥን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መክረዋል።

ለእኛ ለመምህራንና ለወላጆች ደግሞ የሚቀረን አንድ ነገር አለ። ለልጆቻችን የታላላቆችን ጀብዱ ስንነግር ቤት የቀሩትን ሰዎች ታሪክም አብረን እንንገር። እኛ በሚቀጥለው ሳምንት በመድረሳችን የኢብን በጡጣን ታሪክ እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምራለን ኢንሻአላህ፤ በዚህ ጊዜ የደማስቆውን ልጅ ሳንተው።

አላህ (ሱ.ወ.) መንገዶቻችንን ሰላም ያድርግልን፣ የአላህን ቤት የናፈቀውን ሁሉ ለሐጅ ያብቃልን፣ በየቤታችንም መጠያየቅን አይንሳን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።